እኔ እስክመጣ አትንኩት

ይህ የደረሰብን ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ እዚሁ ናዝሬት ነው። እውነቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለምን እነሱ ብቻ እንደሚያውቁ ወደ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን እህቴ ስለሞተች ብቻ አይደለም። እናቴ እጇን ስትታጠብ ባየሁ ቁጥር ከቤት እወጣለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ ብታዩ ይገባችኋል።

እንዴት እንደሚጻፍ ብዙ አላውቅም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ግን ድርሰት ላይ ጎበዝ አልነበርኩም። እንደሆነው ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን። እናቴ፣ እህቴ ዘነበችና እኔ። አባታችን እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተው። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከአርሲ በኩል የሚመጣውን ቅቤ ተረክባ እየቸረቸረች ነው ያሳደገችን። ዘነበች በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል እስከ አስራ ሁለተኛ የለበስኩትን ዩኒፎርም ሁሉ የሰፋችልኝ እሷ ናት። ቁመቴን ሳትለካ፣ በዓይኗ ብቻ አይታ ነበር የምትቆርጠው።

እትዬ በአስራ ሰባት ዓመቷ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር። ብዙ ወራት መርፌ ተወግታ ዳነች። ዳነች ስል በሽታው ለቀቃት ማለቴ ነው። ሳንባዋ ግን ተጎድቶ ቀረ። መጀመሪያ ዳገት ስትወጣ ብቻ ነበር ትንፋሽ የሚያጥራት። "እግዜር አውቆ ነው ሜዳ ከተማ ላይ ያስቀመጠኝ" እያለች ትስቅ ነበር። ከዚያ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ መቀመጥ ጀመረች። በኋላ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቃታት። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ፔዳሉን በእጄ እገፋላታለሁ፤ እሷ ጨርቁን ትመራለች። "ሞተሬ፣ ቀስ በል፣ እጅጌ ላይ ነኝ" ትለኛለች። ከዚያ ጀምሮ ስሜን ትታ ሞተሬ ነበር የምትለኝ። ሁለታችንም እንደ ጨዋታ ነበር ያየነው።

ጥር ላይ ባሰባት። ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል። ቁጭ ብላ ክር እያስገባች ታንቀላፋለች። እግሯ አበጠ። ከንፈሯ ጠቆረ፤ ጥፍሯም ቀለም የነካው መሰለ። እናቴ ብርድ ነው ብላ ነበር። ጥር ናዝሬት ውስጥ ምን ብርድ አለ? ግን ሌላ ምን እንደምንል አናውቅም ነበር።

ሆስፒታል አስገባናት። አፍንጫዋ ውስጥ ቀጭን ላስቲክ አስገቡላት። ላስቲኩ ውሃ ባለበት ጠርሙስ አልፎ ከትልቅ የኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ይገናኛል። በሁለተኛው ቀን ከንፈሯ ቀላ። ራስ ምታቱ ተዋት። በሦስተኛው ቀን "ሞተሬ፣ የወይዘሮ አልማዝን ቀሚስ ሳልዘመዝመው ነው የመጣሁት፣ ሰርግ አለባት" አለችኝ። ቀሚሱን ካሰበችማ ዳነች አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤት ውሰዷት አሉን።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ በእኔና በእሱ መካከል ብዙ ዓመት የለም። ኮሪደር ላይ ይዞኝ ወጣ። "ላስቲኩ ሲወጣ መልሶ ያማታል?" አልኩት። "ያማታል" አለኝ። "ታዲያ ለምን ትወጣለች?" አልኩት። እሱም ወደ ክፍሉ እያየ አስረዳኝ። ሲሊንደሩ ለእሷ የቆመ አይደለም፤ ቀዶ ጥገና ለሚደረግላቸውና በምጥ ለሚመጡ ነው። የእትዬ ሳንባ ደግሞ ከእንግዲህ አይጠገንም። "እንዲህ ያለ በሽተኛ በሌላ አገር ኦክስጅን ቤቱ ድረስ ይገባለታል" አለኝ። "ሲያጥራት ብቻ የምትወስደው ነገር አይደለም። ሳያጥራትም ደሟ ውስጥ ጎድሏል። ከቀንና ከሌሊቱ አስራ አምስት ሰዓት ያህል ማግኘት አለባት።" ከዚያ ይህን በመናገሩ የተጸጸተ መሰለኝ። "እኛ ጋ ግን የለም" ብሎ ሄደ።

እኔ ግን የሰማሁት "ቤቱ ድረስ ይገባለታል" ያለውን ብቻ ነበር።

ፋርማሲዎቹን ሁሉ ዞርኩ። አንዱ ሳቀብኝ፤ ሌላው አዲስ አበባ ጠይቅ አለኝ። በሦስተኛው ቀን በአንድ የብየዳ ቤት በር ሳልፍ ቆምኩ። ሁለት ረጃጅም ሲሊንደሮች በሰንሰለት ታስረው ግድግዳ ተደግፈዋል። በአንደኛው ላይ ኦክስጅን የሚል ተጽፎበታል። ያን መንገድ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ተመላልሼበታለሁ፤ አይቼው አላውቅም ነበር።

ብየዳ ቤቱ የማኅበር ነው። ኃላፊው ጋሽ ገመቹ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው "ምን ልንበይድልህ ነው?" አሉኝ።

"እህቴን" አልኳቸው። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ።

ጋሽ ገመቹ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጡኝና እስክጨርስ ሰሙኝ። "ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይኸ ብረት የምንቆርጥበት ነው። ሰው ሲተነፍሰው አይቼ አላውቅም። ዶክተርህን ጠይቅና ና።"

ዶክተሩን ጠየቅኩት። የበያጅ ኦክስጅን ለሰው የሚሰጥ እንዳልሆነ ነገረኝ። ግን አትስጣትም አላለኝም። ያገለገለ ላስቲክ ቀቅሎ ሰጠኝ። "አደራህን፣ በጣም እንዳትከፍተው። ውሃው ውስጥ አረፋው አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያለ ይውጣ። ከበዛባት እንቅልፍ ይወስዳትና አትነቃም" አለኝ። እንደሚገባት ከተጠቀመች አንዱ ሲሊንደር ሦስት ቀን እንደማይሞላም የነገረኝ ያን ጊዜ ነው።

ማኅበሩ በወር የሚመጣለት ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነበር። የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ ያውም በደብዳቤ። ጋሽ ገመቹ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ተማከሩ። አንደኛው "የጀመርነው የወፍጮ ቤት ሥራስ?" አላቸው። "ወፍጮ ይቆማል እንጂ አይሞትም" አሉት። በዚያው ቀን አንዱን ሲሊንደር በፈረስ ጋሪ ጭነን፣ ሸራ አልብሰን ወደ ቤት ወሰድነው።

ጋሽ ገመቹ ራሳቸው ተከሉት። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን በስተው እንደ ሆስፒታሉ ዓይነት አረፋ ማሳያ ሠሩልን። ሲከፍቱት አረፋው ተንቀሳቀሰ። እትዬ ላስቲኩን አፍንጫዋ ውስጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ "ጋሽ ገመቹ፣ ስኳር ከቀበሌ፣ ሳሙና ከቀበሌ፣ ትንፋሽ ደግሞ ከእርስዎ" አለቻቸው። በጣም ሳቁ።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ስለ እሳት አስጠነቀቁን። ከሰል እዚህ ክፍል እንዳይገባ፣ ሻማ እንዳይበራ። ቀጥለው "ዘይትና ቅባት ደግሞ ከዚህ ጋር አይስማማም" አሉ። አንድ ሠራተኛ መክፈቻው ጠብቆ እምቢ ቢለው የሚጠመዘዝበትን ክር ዘይት ቀብቶት እንደ ጥይት እንደፈነዳበት ነገሩን። ይህን ሲሉ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። "እናቴ፣ እርስዎ ምንድን ነው የሚሠሩት?" አሏት። "ቅቤ ነው የምሸጠው" አለች። "እንግዲያ እርስዎ አይጠጉት" አሏት፣ እንደ ቀልድ አድርገው።

እሳቸው ቀለዱ። እኔ ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ አልቀለድኩም። እናቴ ነገር ቶሎ አትፈራም፤ እንድትፈራ ብዬ ጨመርኩበት። "እጅሽ ቅቤ እንደነካ ብትነኪው ይህን ቤት ከነእኛ ያነሳዋል" አልኳት። እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ስታልፍ ሲሊንደሩ ባለበት በኩል እጇን ደብቃ ነበር የምታልፈው። እትዬ "እማዬ፣ አይናከስም እኮ" ትላት ነበር።

አሁን ስለ ቁጠባው ልጻፍ። የሚቀጥለው ሲሊንደር የሚመጣው በወር ነው። ሲሊንደሩ እንደ ዶክተሩ አባባል ከተጠቀምንበት ሦስት ቀን አይሞላም። ይህን እኔ ብቻ ነበር የማውቀው። ለእናቴም ለእትዬም አልነገርኳቸውም። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት አደረግኩት። መክፈቻውን በቁልፍ የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ሲሞላ "በቃ እትዬ" እላለሁ።

አንድም ቀን ጨምርልኝ ብላኝ አታውቅም። አንዳንዴ ስዘጋው ጠርሙሱን ታያለች። የመጨረሻዋ አረፋ እስክትወጣ ታያለች። ከዚያ ላስቲኩን ራሷ አውጥታ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች።

ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ሲሊንደሩን የዩኒፎርም ጨርቅ ታለብሰው ነበር። የድሮው ነቀርሳዋ እንዳይወራ ትፈራ ነበር። በግማሽ ሰዓቷ መካከል ሰው ቢመጣ ትነቅለዋለች። ሰው ደግሞ ገብቶ ቶሎ አይወጣም። "አይዞሽ፣ ደህና ነሽ፣ ፊትሽ እኮ ጥሩ ነው" እያሉ ይቀመጣሉ። እሷም ትስቅላቸዋለች። እነሱ ሲወጡ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። ያን ጊዜም ሰዓቷ አልፏል ብዬ ያልጨረሰችውን ለከሰዓት በኋላ የማስተላልፍበት ቀን ነበር። ለክፉ ቀን ይቆይ እል ነበር። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ገመቹ አስጠሩኝ። ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና ለሌላ ግዳጅ ተፈልጎ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም አሉኝ። ዓለም ጤና ውስጥ ግን የአትክልት እርሻዎቹን የውሃ ፓምፕ የሚጠግን የሚያውቁት በያጅ አለ። ያልተነካ ሲሊንደር እንዳለው ሰምተዋል። ደብዳቤ ጽፈው፣ የማኅበሩን ማኅተም መትተው ሰጡኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ማልጄ ተነሣሁ። ለእትዬ ግማሽ ሰዓቷን ሰጠኋት። ዘጋሁት። ጥሩ መስላ ነበር፤ እንዲያውም ስወጣ "ሞተሬ፣ ዓለም ጤና ድረስ ለትንፋሽ ሲኬድ አይተህ ታውቃለህ?" ብላ ቀልዳብኛለች። እኔ ለእናቴ "አስር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ሲሊንደሩን እኔ እስክመጣ አትንኩት" አልኳት። በር ላይ ደርሼም ተመልሼ እንደገና "አትንኩት" አልኳት። ቁልፉን ግን መስኮቱ ላይ ትቼው ነበር። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። ይዤው ብሄድ ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ።

ዓለም ጤና ያለው በያጅ ደብዳቤውን አንብቦ ምንም አልጠየቀኝም። ሲሊንደሩን ከነሰንሰለቱ ፈታው። "ገመቹ ከጠየቀኝ የሰው ጉዳይ ነው" አለ። ወደ ናዝሬት ሽንኩርት የሚጭን መኪና ራሱ ፈልጎ አገኘልኝ። ሹፌሩ ከድር የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ሲሊንደሩን ከሽንኩርቱ ጆንያ በላይ አስተኝተን አሰርነው። "ሽንኩርትና ትንፋሽ አብሬ ጭኜ አላውቅም" አለኝ። ሳቅኩ። በዚያ ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ጆንያው ተጭኖ እስኪያልቅ ቆየን። ሞጆ አጠገብ ኬላ ላይ ደግሞ አስቆሙን። ጠባቂው ሽማግሌ ነው። ላይ ወጥቶ ሲሊንደሩን በዱላው መታ መታ አደረገው።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ኦክስጅን ነው።"

"ለምን ይሆናል?"

"ለመተንፈስ።"

"አየሩ ምን ሆነ?" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። ደብዳቤውን ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ አለቃው እስኪመጣ እንድንጠብቅ አደረገን። አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ስንለቀቅ ራሱ ገመዱን አጠበቀልንና "እግዜር ይማርልህ" አለኝ። አልተቀየምኩትም። አሁንም አልቀየመውም።

ሰፈራችን ስንደርስ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከድር መኪናውን በጠባቡ መንገድ እያጠማዘዘ "የት ጋ ነው?" ይለኛል። እኔ ግን በራችንን አይቼዋለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከድርም አያቸው። ሞተሩን አጠፋና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሲሊንደሩ እዚያው ሽንኩርቱ ላይ እንደተኛ ነበር።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ደረቷን አትመታም፤ አትጮህም። ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ይዛቸዋለች፤ እንደሚደርቅ ዕቃ። እርጥብ ናቸው። የእጅ አንጓዋ ላይ አመድ አለ። ስታየኝ "ታጥቤ ነበር" አለችኝ። "ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነበር።"

የሆነውን በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም። በቀናት ውስጥ፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የነገረችኝ።

በዚያ ቀን ለእትዬ ብላ ገበያ አልወጣችም። ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት መጣች። ልጇ ወልዳ ቅቤ ፈልጋ ነው። እናቴ ለሌላ ሰው ቢሆን ሰኞ ነይ ትል ነበር። ለአራስ የሚሆን ቅቤ ግን አይከለከልም። ከእንስራው በእጇ እየዛቀች በቅጠል ጠቀለለችላት። ሴትዮዋ እንደወጣች እትዬ ጠራቻት። ቁጭ ብላ አልጋውን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷ ተለውጧል። ሲሊንደሩን በዓይኗ አሳየቻት። "እማዬ፣ ክፈቺልኝ" አለቻት።

"እጄ ቅቤ ነው" አለች እናቴ።

እትዬ የእናቴን እጅ አየችው። ከዚያ "ታጠቢ፣ እጠብቅሻለሁ" አለቻት።

ሳሙናችን ያለቀው በዚያ ሳምንት ነበር። እናቴ ጓሮ ወጥታ በአመድ ታጠበች። አሸተተችው፤ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል። ወደ ጎረቤት ሮጣ ሳሙና ለመነች። እንደገና ታጠበች። እስከ ክርኗ ድረስ ታጠበች። ቤቱን ከነልጇ እንዳታነሳው ነው። ስትመለስ ዘነበች ወደ ግድግዳው ዞራለች።

እትዬ በሞተች በሦስተኛው ቀን ጋሽ ገመቹ ሲሊንደሩን ሊወስዱ መጡ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ነበረች። ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። የዩኒፎርሙን ጨርቅ ገለጥኩት። ቁልፉ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። አንሥተው መክፈቻውን ትንሽ ከፈቱት። የቀረውን መጠን የሚያሳየው የጌጁ መርፌ ተነሣና ከግማሽ አልፎ ቆመ። መልሰው ዘጉት።

"ኢልማ ኮ፣ ለምን አላስጨረስካትም?" አሉኝ።

ስለ እናቴ እጅ ነገርኳቸው። እናቴን ምን ብዬ እንዳስፈራራኋትም ነገርኳቸው። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ክሩን ዘይት አትቀቡት ነው ያልኩት" አሉ። "ለመክፈት ብቻ ቢሆን እጇን በጨርቅ ጠረግ ብታደርግ በበቃት ነበር። ቁልፉም አለ።"

ቤታችን እኮ የልብስ ሰፊ ቤት ነው። ከእትዬ አልጋ ሥር አንድ ጆንያ ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር።

"ጋሽ ገመቹ፣ ባዶ ነበር በሉልኝ" አልኳቸው። ሲሊንደሩን ለሁለት ይዘን ስንወጣ እናቴ ከድንኳኑ ብድግ አለች። "ነበረበት?" አለቻቸው።

ጋሽ ገመቹ ወደ ስልሳ ዓመት ይጠጋቸዋል፤ ውሸት ሲናገሩ ግን ያን ቀን የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። መሬት መሬት እያዩ "ባዶ ነበር እናቴ" አሏት።

"እንኳን ባዶ ሆነ" አለች እናቴ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ሙሉው ሲሊንደር ወደ ዓለም ጤና ተመለሰ። ከድር ነው የመለሰው። ከእኛ በተረፈው ግማሽ ምን እንደበየዱበት አልጠየቅኩም። ምናልባት የወፍጮ ቤቱን ሥራ ይሆናል። ጋሽ ገመቹ ሥራ ሊያስተምሩኝ ወስደውኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሠራሁ። መክፈቻው ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ አልቻልኩትም፤ ተውኩት።

ዶክተሩን አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁትና ነገርኩት። "ብትጨርሰውም ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ነበር የሚሆናት" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን የነፈግኳት እነዚያን ጥቂት ቀኖች ነው። ከንፈሯ ቀልቶ፣ ራሷን ሳያማት፣ ስለ ሰው ቀሚስ የምታስብባቸውን። ቢያልቅ ያልቅ ነበር። እኔ የማላውቀውን ክፉ ቀን እየጠበቅኩ በየቀኑ "በቃ እትዬ" አልኳት። ክፉው ቀን ሲመጣ ደግሞ እኔ ቤት አልነበርኩም።

ዓመት አልፎታል። ቀለል ይልሃል ይሉኛል። አልቀለለኝም፤ የሚቀልም አይመስለኝም። እናቴ ቅቤ መሸጥ ትታለች። አሁን ጎመንና ቃሪያ ነው የምትሸጠው። ግን አሁንም ትታጠባለች። ሳሙና ከቀበሌ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰለፈው እሷ ናት። ታጥባ ስትጨርስ እጇን ታሸተዋለች።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን የጻፍኩትም ስለማታነብ ነው። ናዝሬት ውስጥ የቀድሞዋን ቅቤ ነጋዴ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አታንብቡላት። ከጠየቀቻችሁም ባዶ ነበር በሏት።